የጆን ዉደን 10 ዋንጫዎች፦ ከተጫዋቾቹ ወይስ ከልምምዱ?

ጥያቄ፦ «ቅዳሜና እሁድ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ስለ አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጆን ዉደን ብዙ አንብቤያለሁ። ስለ ማሸነፍ ሳያወራ፣ ተጫዋቾቹን ካልሲ አደራረግ እያስተማረ 10 ጊዜ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆኗል ይባላል። ‹የስኬት ፒራሚድ› የሚባለውን፣ ለስኬት ያስፈልጋሉ ያላቸውን ባሕርያት በፒራሚድ መልክ የደረደረበትን ሥራውን አሳትሜ ጂሙ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከልምምድ በፊትም አነብላቸዋለሁ። ለውጥ ግን የለም። ጓደኛዬ ደግሞ ‹እነ ካሪም አብዱልጀባር ቢኖሩህ አንተም ታሸንፍ ነበር› ይለኛል። ማናችን ነን ልክ? ከዚህ ሰው ለልጆቼ የሚሆን ምን ልውሰድ?»

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ጓደኛዎ የተጫዋቾቹን አቅም አይቷል፤ የትኛው ዋንጫ በነማን ዘመን እንደመጣ ግን አልቆጠረም። እርስዎ ደግሞ የሰውየውን አባባል ወስደው ሥራውን ትተዋል። ሥራዬ አሰልጣኞችን ማሰልጠን ስለሆነ ይህን ስህተት በየጊዜው አየዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዉደን ሎስ አንጀለስ ያለውን ዩሲኤልኤ የተባለ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የያዘው በ1948 ነው። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሳው በ1964፣ በ16ኛው የውድድር ዘመኑ ነው። ፒራሚዱን መሥራት የጀመረው ደግሞ በ1934፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳለ ነው። የጨረሰው ዩሲኤልኤ ከመግባቱ በፊት ነው። እንግዲህ እርስዎ ግድግዳ ላይ የለጠፉት ነገር ተጠናቆ በእጁ እያለ 15 ዓመት ሙሉ ዋንጫ አልመጣም። ወረቀቱ የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ በ1949 ባሸነፈ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ቡድኑ ጥሩ ነበር፤ ያለበት ሁኔታ ግን አይመችም። ልምምዱ የሚካሄደው አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹን ከጂምናስቲክና ከትግል ቡድኖች ጋር ይጋሩታል። በአንድ በኩል ቅርጫት ኳስ፣ በሌላ በኩል ትራምፖሊን ላይ የሚዘል ሰው አለ። ወለሉ አቧራ ስለሚይዝ ዉደን ራሱ ከልምምድ በፊት ይጠርጋል፣ ይወለውላል። ከ1955 በኋላ አዳራሹ ብዙ ተመልካች መያዝ የለበትም ስለተባለ፣ «በሜዳችን» የሚሉትን ጨዋታ ሳይቀር በየሰው አዳራሽ እየተዋሱ ይጫወቱ ነበር። ፖሊ ፓቪልዮን የተባለው ትልቁ አዳራሽ የተከፈተው በ1965 ነው። ያኔ ሁለት ዋንጫ ገብቷል።

የ1964ቱን ቡድን በደንብ ይዩት፣ ለጓደኛዎ ዋናው መልስ እሱ ነውና። ዎልት ሃዛርድ፣ ጌል ጉድሪች፣ ኪት ኤሪክሰን፣ ፍሬድ ስሎተርና ጃክ ሂርሽ። ከአምስቱ ቋሚዎች ከ1 ሜትር ከ96 የሚረዝም አልነበረም። ቁመት ከሌለህ ጨዋታውን ወደ ሌላ ነገር መቀየር አለብህ። እነሱ ወደ ፍጥነት ቀየሩት። መሣሪያቸው ሙሉ ሜዳ ላይ የሚደረግ 2-2-1 የዞን ፕረስ ነበር፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት መሀል፣ አንድ ከኋላ ሆነው ተጋጣሚውን ከራሱ ቅርጫት ጀምሮ የሚያስጨንቁበት መከላከል ማለት ነው። እንጠቀምበት ብሎ አጥብቆ የገፋው ረዳት አሰልጣኙ ጄሪ ኖርማን ነው። ስለ ዉደን ሲወራ ይህ ስም ሁልጊዜ ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

ብዙ አሰልጣኝ ፕረስ ኳስ ለመንጠቅ ብቻ ይመስለዋል። የዚህኛው ዋና ዓላማ ተጋጣሚን ማጣደፍ ነበር። ኳስ ይዞ የሚወጣው ተጫዋች ፊቱ ላይ ሰው ሲቆምበት ወደ መስመሩ ጠጋ ይላል። መሀል ሜዳውን ለማለፍ ያለው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሰው ሲመጣበት ይጨንቀውና ረጅም፣ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ፓስ ይጥላል። ኤሪክሰን ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀው እሱን ፓስ ነው። ኳሱ ባይነጠቅ እንኳ ተጋጣሚው ያላሰበው ሩጫ ውስጥ ይገባል፤ ረጃጅሞቹ ይደክማሉ። በፍጻሜው ዱክ ዩኒቨርሲቲ 2 ሜትር ከ8 የሆኑ ሁለት ልጆች ይዞ መጣ። 30 ለ 27 ይመራም ነበር። ከዚያ ዩሲኤልኤ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ 16 ነጥብ በተከታታይ አስቆጠረ። ዱክ አንድም አላገባም። ጨዋታው 98 ለ 83 አለቀ። ከተጠባባቂነት የገባው ኬኒ ዋሽንግተን ብቻውን 26 ነጥብ ይዞ ወጣ። በዚያ ዓመት 30 ጨዋታ ተጫውተው 30ውንም አሸነፉ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ክርክር እንምጣ። ያኔ ሉ አልሲንዶር ይባል የነበረው ካሪም አብዱልጀባር ከኒው ዮርክ የመጣው በ1965 ነው፣ ቡድኑ ሁለት ዋንጫ ከወሰደ በኋላ። የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪዎች ራልፍ ባንችና ጃኪ ሮቢንሰን ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። እኔ ግን እነዚያ ሁለት ዋንጫዎች ባይኖሩ ያ ልጅ አገር አቋርጦ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። ሲመጣ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደነበር ለማወቅ አንድ ጨዋታ ይበቃል። በዘመኑ ሕግ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ለዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። ስለዚህ በኅዳር 1965፣ ፖሊ ፓቪልዮን ሲከፈት፣ የአንደኛ ዓመት ልጆች የአገሪቱን ሻምፒዮን፣ የራሳቸውን ታላላቆች፣ ገጠሙ። 75 ለ 60 አሸነፏቸው። አልሲንዶር 31 ነጥብና 21 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ነበረው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ለዋናው ቡድን ተጫውቶ 88 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። ከእሱ በኋላ የመጣው ኮከብ ቢል ዋልተን ደግሞ በ1973ቱ ፍጻሜ ከሞከራቸው 22 ኳሶች 21ዱን አግብቶ 44 ነጥብ አስቆጠረ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሥራውን ያቀለዋል። ይህን የሚክድ ሰው ቅርጫት ኳስ አያውቅም።

ግን ይቁጠሩ። የአልሲንዶር ዋንጫዎች 1967፣ 1968 እና 1969 ናቸው። የዋልተን 1972 እና 1973። የቀሩት 1964፣ 1965፣ 1970፣ 1971 እና 1975 የሁለቱም አይደሉም። ልክ ግማሹ ማለት ነው። በ1970 እና በ1971 እነ ሲድኒ ዊክስና ከርቲስ ሮው ነበሩ። በ1975 እነ ዴቭ ማየርስና ማርከስ ጆንሰን። ጎበዞች ናቸው፣ ግን አልሲንዶር አይደሉም። በአምስት የተለያዩ ቡድኖች፣ በአጭርም በረጅምም፣ በፕረስም ያለ ፕረስም ያሸነፈ ሰው ተሸክመውት ነው ማለት አይቻልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ገደቡንም ልናገር፣ አለበለዚያ ተረት ይሆናል። አንደኛ፣ የያኔው ውድድር አጭር ነበር። በአብዛኛዎቹ ዓመታት የሚገቡት ከ22 እስከ 25 ቡድኖች ነበሩ። ከአንድ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ ከሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ምድብ) የሚያልፈው ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። ዩሲኤልኤ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት እያለፈ አራት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ያነሳ ነበር። ከ1985 ጀምሮ ስድስት ማሸነፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾች አራቱን ዓመት እዚያው ይቆዩ ነበር፤ ዛሬ አልሲንዶርን የሚያህል ልጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ኤንቢኤ ይገባል። ሦስተኛው የማይመቸው ጉዳይ ነው። ሳም ጊልበርት የሚባል ሀብታም ሥራ ተቋራጭ ለተጫዋቾቹ ይቀርብ ነበር፤ ከደንብ ውጭ ይረዳቸው እንደነበርም በሰፊው ተዘግቧል። በ1981 ዩኒቨርሲቲው ቢቀጣም ቅጣቱ ከዉደን በኋላ በነበረው ዘመን ላይ ነው። የዉደን ዋንጫዎች አልተነጠቁም፣ እሱም አልተከሰሰም። ያም ሆኖ ታሪኩን ስናወራ ይህን መዝለል ልክ አይደለም።

ስለ ዉደን 10 ዋንጫዎች «ማንም አይደርስበትም» የሚባለውም ይስተካከል። በወንዶች ልክ ነው። በሴቶች ግን የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪያማ በ2025 12ኛውን ዋንጫ አንስቷል። የዉደንን 88 ተከታታይ ድልም በ2010 አልፎታል። ያ የ88 ጉዞ በነገራችን ላይ ያበቃው በጥር 1974 በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነው። ዩሲኤልኤ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲቀር በ11 ነጥብ እየመራ ነበር። የመጨረሻዎቹን 12 ነጥቦች በሙሉ ኖትርዳም አስቆጠረና 71 ለ 70 አለቀ።

ሌላም የተሳሳተ ሥዕል አለ። ብዙዎች ዉደንን ረጋ ያለ፣ እንደ አያት የሚመክር ሽማግሌ አድርገው ያስቡታል። ያ ምስል ከጡረታ በኋላ የመጣ ነው። ወንበሩ ላይ ሳለ የጨዋታውን ፕሮግራም ጠቅልሎ ይዞ፣ ዳኛንም የተጋጣሚ ተጫዋችንም ይነዘንዝ ነበር። ስድብ ከአፉ አይወጣም፣ ግን ዝም አይልም። ዋናዎቹን ሰባት ወይም ስምንት ተጫዋቾች መርጦ ሌሎቹን ያስቀምጥ ነበር፤ በዚህ የተጎዱ ልጆች አሉ። ኤድጋር ሌሲ በጥር 1968 ሂዩስተን ውስጥ በ52 ሺህ ተመልካች ፊት ከሜዳ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ከቀናት በኋላ ቡድኑን ጥሎ ሄደ። እርስዎ ከ16 ዓመት በታች ልጆች ነው የያዙት። ይህንን ከእሱ አይውሰዱ። ሁሉም ልጅ ይጫወት።

የካልሲው ነገር እውነት ነው። አልሲንዶርና ዋልተን እንኳ ሳይቀሩ የመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው እሱ ነበር። ግን እንደ ፍልስፍና አይውሰዱት። ዉደን ያስብ የነበረው ስለ እግር ቆዳ ነው። ካልሲው ተረከዝ ላይና ትንሿ ጣት አካባቢ ከተጨማደደ ይፈትጋል። የተፈተገ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። ውሃ የቋጠረ ልጅ ልምምድ ይቀራል፣ ወይም እያነከሰ ይለማመድና ሌላ ቦታ ይጎዳል። ስለዚህ ካልሲውን እስከ ላይ ስቦ፣ የተጨማደደውን በእጁ ዳሶ አስተካክሎ፣ ጫማውን ከታች ቀዳዳ ጀምሮ አጥብቆ ማሰር። ይህን በደንብ ያስተምሩ፣ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ዉደን እግር እንዳይንሸራተት ብሎ ጠበብ ያለ ጫማ ያስመርጥ ነበር። የእርስዎ ልጆች እግራቸው ገና እያደገ ነው። ጠባብ ጫማ አያስደርጓቸው።

አሁን ሥራው ላይ ደረስን። ዉደን በየጠዋቱ ከረዳቶቹ ጋር ተቀምጦ የዕለቱን ልምምድ ያቅዳል፤ እቅዱ ራሱ የልምምዱን ያህል ጊዜ ይወስድበት ነበር። ከዚያ በትንሽ ካርድ ላይ በደቂቃ ከፋፍሎ ይጽፈዋል። ካርዱ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ፓስ፣ ከዚህ እስከዚህ ሪባውንድ፣ ኳሶቹ የት እንደሚቀመጡ ሳይቀር። ሰዓቱ ሲደርስ ያቆማል፣ ልምምዱ ገና ባያልቅም ያቆማል። ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ልጅ የለም። ለብቻው የሚደረግ ረጅም ሩጫም የለም፤ አካል ብቃቱ የሚሠራው በፍጥነት በሚደረገው ልምምድ ውስጥ ነው። ካርዱን አይጥለውም። በሚቀጥለው ዓመት ያየዋል፣ ያልሠራውን ይቀይራል።

ንግግሩንም ቆጥረውለታል። በ1974/75፣ በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ፣ ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ልምምዱን ተቀምጠው ተከታተሉ። እያንዳንዱን ንግግሩን መዘገቡ፤ 2,326 ሆነ። ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ነበር። ሙገሳው ከመቶ 7 ያህል ነው። ቁጣውም እንደዚያው። «ጎሽ»፣ «ምን ሆናችኋል?» የሚሉ ነገሮች እምብዛም አልነበሩም። የሚገርመው የማረሚያ መንገዱ ነው። ልጁ ሲሳሳት ጨዋታውን ያስቆማል። ትክክለኛውን አሠራር ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ልጁ እንዴት እንዳበላሸው ሠርቶ ያሳያል። እንደገና ትክክለኛውን ያሳያል። ይህ ሁሉ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው። ወዲያው ጨዋታው ይቀጥላል። ንግግር የለም፣ ስብከት የለም።

ታዲያ ፒራሚዱ ምን ሠራ? ዋልተን በተማሪነቱ የአሰልጣኙን አባባሎች ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም ነበር። አባት ከሆነ በኋላ ግን በልጆቹ የምሳ ከረጢት ላይ ይጽፋቸው ነበር። አባባሎቹ የገቡት ሰውየውን ለዓመታት ካዩት በኋላ ነው። ያዩት ነገርም ነበር። ዋልተን አንድ ጊዜ ጸጉሩን አሳድጎ፣ ጺሙን ሳይላጭ መጣ፤ መብቴ ነው አለ። ዉደን በአቋምህ መጽናትህን አከብራለሁ፣ ግን ትናፍቀናለህ አለው። በአገሪቱ አንደኛ የሆነው ተጫዋች ብስክሌቱ ላይ ዘሎ ሊቆረጥ ሄደ። ሕጉ ለኮከቡም ሕግ ነው። ከዚያ በፊትም፣ በ1947 የኢንዲያና ስቴት ኮሌጅ አሰልጣኝ ሳለ፣ ቡድኑ ካንሳስ ሲቲ በሚደረግ ብሔራዊ ውድድር ተጋብዞ ነበር። ውድድሩ ጥቁር ተጫዋች አይቀበልም። ቡድኑ ውስጥ ክላረንስ ዎከር የሚባል ጥቁር ተጠባባቂ ነበረ። ዉደን ግብዣውን አልተቀበለም። በ1948 ደንቡ ተቀየረና ዎከር ተሰልፎ በዚያ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ለአንድ ተጠባባቂ ልጅ ብሎ ብሔራዊ ውድድር የሚተው አሰልጣኝ ስለ ባሕርይ ሲናገር ይደመጣል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ወረቀቱን ከግድግዳው ያንሱትና ለራስዎ ያስቀምጡት፤ ማንበቡንም ይተዉ። በምትኩ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ያለ ካርድ ጂም አይግቡ። አንድ ሰዓት ተኩል ካለዎት ዘጠኝ ቦታ ይክፈሉት፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ። በሰዓቱ ይጀምሩ፣ በሰዓቱ ይጨርሱ። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ አድርገው የራስዎን ድምፅ ይቅዱና ማታ ቁጭ ብለው ይስሙት። ከተናገሩት ውስጥ ልጁ አሁኑኑ ሊሠራው የሚችል መመሪያ ስንቱ ነው? «ትኩረት!» መመሪያ አይደለም። «ጉልበትህን እጠፍ፣ ኳሱን በሁለት እጅ ተቀበል» መመሪያ ነው። የዉደንን ሦስት ሕጎችም ይውሰዱ፦ ማርፈድ የለም፣ ስድብ የለም፣ የቡድን ጓደኛን መንቀፍ የለም። የመጀመሪያውን ሕግ የመጀመሪያ ቀን የሚጥሰው ምናልባት ከሁሉም ጎበዙ ልጅ ይሆናል። ያን ቀን ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይጀምር።

ፕረሱን ግን ለጊዜው ይተዉት። በዚህ ዕድሜ ፕረስ የሚያሸንፈው ተጋጣሚው ልጅ ኳስ መንዳት ስለማይችል ብቻ ነው። ዋንጫ ያገኛሉ፣ ልጆችዎ ግን አቋቋምና ፓስ ሳይማሩ ይቀራሉ። መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ፓስ፣ ከዚያ «ላይ አፕ» የሚባለው፣ ቅርጫቱ ሥር ተጠግቶ የሚሞከር ኳስ፣ በሁለቱም እጅ። ፕረስ በሁለተኛው ዓመት ይደርሳል።

ውጤቱን ባሸነፋችሁት ጨዋታ ብዛት አይለኩት፤ ቢያንስ ሁለት የውድድር ዘመን ይስጡት። እስከዚያ የሚለካ ነገር አለ። በአንድ ጨዋታ ስንት ኳስ በራሳችሁ ስህተት ጠፋ? ስንት ላይ አፕ ተሳተ? በየጨዋታው አንድ ወላጅ እነዚህን ሁለቱን ይመዝግብልዎ። ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሮቹ ካልወረዱ ችግሩ ካርዱ ላይ ነው። እሱን ይቀይሩ።